ካሜራ ኅሊና አለው ወይ?

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ሲሥል ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለቱንም ዓይኖቹን ያሳያል። ይሁዳን ወይም ሰይጣንን ሲሥል ግን ፊቱን ወደ ጎን መልሶ በአንድ ዓይን ያስቀረዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ የግድግዳውን ሥዕል አይቶ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ፊት ወዴት ይዙር የሚለው ጥያቄ የእጅ ሙያ ጥያቄ ነው። ፍርዱም ያለው እዚያው ሙያው ላይ ነው። ከሥዕሉ ውጪ ተጽፎ የተለጠፈ ሌላ ፍርድ የለም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ፊልም ስንጫወት ነገሩ ስለሚዘነጋን ነው። የከተማችን ተመልካች ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ስለ ታሪኩ ይከራከራል፤ ተዋናይዋን ያደንቃል ወይም ያማል። ካሜራው የት እንደቆመ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ አንዱ ምስል ከሌላው ጋር ለምን እንደተቀጠለ፣ ሙዚቃው ለማን ሲባል እንደገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። “ይህ የባለሙያዎቹ ጓዳ ነው” ይባላል። ወጡ ከጣፈጠ ስለ ድስቱ ማን ይጠይቃል? በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የፊልም ደግነቱም ክፋቱም ከታሪኩ ይልቅ በዚያ ጓዳ ውስጥ እንደሚወሰን አምናለሁ፤ ለዚህም 32 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ አጭር ፊልም ምስክር እጠራለሁ። (የውጭውን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደ አገራችን ስደርስ በራሳችን እቆጥራለሁ።)

አስቀድሞ ግን ክርክሩ። በ1959 ዣን ሉክ ጎዳር የተባለው የፈረንሳይ ሐያሲ፣ በኋላም ዝነኛ የፊልም ዳይሬክተር፣ ካሜራን በሐዲድ ላይ እያንሸራተቱ ምስል መውሰድ የሞራል ጉዳይ ነው አለ። አባባሉ ለጆሮ ቀልድ ይመስላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ባልደረባው ዣክ ሪቬት “ካፖ” ስለተባለው የጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ ፊልም አጭር ነገር ግን መራራ ጽሑፍ ጻፈ። ፊልሙ በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የሚካሄድ ልብ ወለድ ነው። አንዲት እስረኛ ተስፋ ቆርጣ፣ ኤሌክትሪክ በተለቀቀበት የእሾህ ሽቦ ላይ ራሷን ትጥላለች። ከሞተች በኋላ ካሜራው ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይጠጋታል፤ ወደ ላይ የቀረው እጇ በምስሉ ውስጥ አምሮ እንዲቀመጥም አቋሙን ያስተካክላል። ይኸው ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው። ሪቬት በዚያች ቅጽበት ካሜራውን ለማስጠጋት የወሰነ ሰው የሚገባው ንቀት ብቻ ነው ብሎ ፈረደ።

ነገሩን የሚያከብደው ፖንቴኮርቮ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በጦርነቱ ጊዜ ፋሺስቶችን የተዋጋ አርበኛ ነበር፤ በ1966 የወጣውን “የአልጀርስ ጦርነት” የተባለውን ታላቅ ፊልም የሠራውም እሱ ነው። ስለዚህ የተከሰሰው ሐሳቡ አይደለም፤ እጁ ነው። ሴትየዋ የሞተችው ሞት ስለመጣባት ነው፤ ካሜራው የተጠጋት ግን ምስሉን ለማሳመር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ አስከሬን በተዘረጋበት፣ ነጠላውን በመስታወት እያየ የሚያስተካክል ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ? ቀብር አልቀረም፤ አላላገጠም፤ ምናልባት እንባውም እውነተኛ ነው። ግን ዓይናችሁ ከዚያ መስታወት አይነሳም።

ሪቬት በዚያው ጽሑፉ የ“ካፖ” ተቃራኒ አድርጎ ያቀረበው አላን ሬኔ በ1955 የሠራውን “ሌሊትና ጭጋግ” ነው። ስሙ የመጣው በታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ናዚዎች ካወጡት ድንጋጌ ነው። በተያዙት የምዕራብ አውሮፓ አገሮች በተቃውሞ የተጠረጠረ ሰው በሌሊት ተወስዶ በጭጋግ ውስጥ እንደገባ ይጥፋ፤ ለቤተሰቡም ምንም አይነገር የሚል ነበር። ሬኔ ያን ጊዜ 33 ዓመቱ ነው፤ የተማረውም የፊልም ኤዲቲንግ ነው። ሥራው ሲቀርብለት ካምፕ ውስጥ ያልኖርኩ ሰው ይህን ልናገር አልችልም ብሎ እንቢ አለ። እሺ ያለው ከማውትሃውዘን ካምፕ የተረፈው ባለቅኔ ዣን ካይሮል ጽሑፉን እንዲጽፍ ሲደረግ ነው። ይህን እንደ ትሕትና ወሬ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። ማን ይናገር የሚለው ጥያቄ ካሜራ ሳይነሳ በፊት ተጠይቆ መልስ አግኝቷል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚያ መልስ የመጣ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው በቀለማት በተነሣ ሰላማዊ መስክ ነው። ሰማይ፣ ሣር፣ አድማስ። ካሜራው በዝግታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳናስበው የእሾህ ሽቦ ከፊታችን ይቆማል። ቀጥሎ ሌላ መስክ፣ እንደገና ካሜራው ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ሽቦ። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ሽቦውን በቀጥታ ከፍቶ ማሳየት ይቻል ነበር። ያኔ “ይህ ካምፕ ነው፤ የሩቅ ቦታ ነው” እንል ነበር። ካሜራው ግን ከእኛ መስክ ተነሥቶ፣ ሳይቆርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሽቦው ያደርሰናል። በመስኩና በካምፑ መካከል ያለው ርቀት የጥቂት ክንድ እንቅስቃሴ ብቻ መሆኑን በቃል ሳይሆን በእግሩ ይነግረናል።

ከዚያ በኋላ ካሜራው በኦሽዊትዝና በማይዳኔክ ባዶ ግቢዎች ውስጥ ይሄዳል። በ1955 መሆኑ ነው፤ ማንም የለም። ሣር በበቀለበት የባቡር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ እንጨት በእንጨት ላይ የተደራረበባቸውን የመኝታ ቆጦች እያለፈ ይሄዳል። ይህም እንደ “ካፖው” በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ካሜራ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ ፍጥነቱም ቢሆን ብዙ አይራራቅም። ታዲያ አንዱን ነውር፣ ሌላውን ክብር የሚያደርገው ምንድን ነው? የፖንቴኮርቮ ካሜራ እዚያ እንደነበረ ሆኖ ይሠራል፤ ሞትን በሰዓቱ ደርሶ ያየ መስሎ ይጠጋል። የሬኔ ካሜራ ግን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ ከ10 ዓመት በኋላ ደርሶ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የሚመላለስ ለቀስተኛ ነው። የሚጠጋው ሰው የለውም፤ ስለዚህ አይጠጋም፤ ያልፋል። አንዳንዴ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ለምሳሌ በጋዝ መግደያው ክፍል ጣሪያ ላይ፣ ተራኪው በጥፍር የተቧጨረ ነው በሚለን ሲሚንቶ ላይ። እዚያም ቢሆን ሰው መስሎ የሚታይ ተዋናይ አልመጣም።

ስለ ብርሃኑ ብዙ አልልም፤ ጉዳዩ አጭር ነው። ስሙ “ሌሊትና ጭጋግ” ከሆነ ፊልም ሌላ ሰው ሰማያዊ ጨለማና ጢስ ይጠብቃል። ሬኔ የሰጠን የመጸው ፀሐይና አረንጓዴ ሣር ነው። ጨለማ ብናይ ኖሮ ቦታው ራሱ ክፉ ይመስለን ነበር፤ ክፋት የሚኖርበት ልዩ አየር ያለ ይመስለን ነበር። ፀሐይዋ ግን ያን ጊዜም እንዲህ ትወጣ ነበር። የካሜራ ባለሙያዎቹ ጊስላን ክሎኬና ሳሻ ቪየርኒ ሣሩን ሣር አድርገው ማንሣታቸው ከማንኛውም የመብራት ጥበብ የበለጠ ያስፈራኛል።

ድምፁ ላይ ግን ልቆይ። ሙዚቃውን የደረሰው ሐንስ አይስለር ነው፤ ከናዚዎች የተሰደደ፣ በ1948 ደግሞ ከአሜሪካ የተባረረ ጀርመናዊ። ከቴዎዶር አዶርኖ ጋር ሆኖ በጻፈውና በ1947 በወጣው መጽሐፍ፣ የፊልም ሙዚቃ የምስሉ አሽከር ሆኖ ያየነውን ደግሞ ሊያሰማን አይገባም ብሎ ተከራክሯል። እዚህ ፊልም ላይ በተግባር ታየዋለህ። ምስሉ እየከፋ ሲሄድ ሙዚቃው እየቀለለ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ከበሮ አይጎሰምም፤ ቫዮሊኖች በአንድነት አያለቅሱም። አንዲት ዋሽንት፣ ጣት የነካው ክር፣ ከዚያ ዝም። የተራኪው የሚሼል ቡኬ ድምፅም እንዲሁ ነው፤ አይንቀጠቀጥም፤ እንባ አይተናነቀውም። የሚያነበው የሞት ዝርዝር ሆኖ ሳለ የዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ይመስላል። መጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ቆይቶ ግን ይገባናል፤ ሙዚቃው ቢያለቅስልን ኖሮ እኛ አልቅሰናል ብለን፣ ዕዳችንን ከፍለናል ብለን እንወጣ ነበር። አልቃሽ ቀጥሮ ራሱ ደረቅ ዓይን ይዞ ከቀብር የሚመለስ ሰው በአገራችንም አይጠፋም።

ወደ ኤዲቲንጉ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እዚህ ላይ ፊልሙን ራሱንም ልጠይቀው እወዳለሁ። ሬኔ ዛሬን በቀለማት፣ ትናንትን በጥቁርና ነጭ አድርጎ እያፈራረቀ ይቀጥላቸዋል። ትናንት የተባለው ግን የማን ካሜራ ነው? ለምሳሌ ሰዎች በባቡር ሲጫኑ የምናይበት ምስል የተነሣው በ1944 በሆላንድ፣ በቬስተርቦርክ መሸጋገሪያ ካምፕ ነው። ያዘዘው የካምፑ አዛዥ ነው፤ ያነሣው ሩዶልፍ ብሬስላወር የተባለ አይሁዳዊ እስረኛ ነው፤ እሱም በኋላ ወደ ኦሽዊትዝ ተጫነ። በዚያ ምስል ላይ ፀጉሯን በጨርቅ የሸፈነች ልጅ ከሚዘጋው የፉርጎ በር መሀል ለጥቂት ሰከንድ ወደ ውጭ ታያለች። ለብዙ ዓመታት ስሟ ሳይታወቅ የአይሁድ ሕፃናት ሁሉ ምልክት ሆና ኖረች። በ1994 አንድ ሆላንዳዊ ጋዜጠኛ ማንነቷን አገኘ፤ ሴቴላ ሽታይንባኽ ትባላለች፤ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አይሁዳዊት ሳትሆን የሲንቲ ወገን ነበረች። ወገኖቿም በዚያው በናዚዎች እጅ አለቁ።

“ሌሊትና ጭጋግ” ይህን ምስል ሲጠቀም ማን እንዳነሣው፣ ማን እንዳዘዘው አይነግረንም። የገዳዩ መዝገብና የነጻ አውጪው ጦር መዝገብ በአንድ ክር ተሰፍተው “ትናንት” ይባላሉ። ይህ ለእኔ የፊልሙ ጉድለት ነው። ሌላም አለ፤ በ32 ደቂቃ ውስጥ “አይሁዳዊ” የሚለው ቃል በተራኪው አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። የፈረንሳይ ሳንሱር ደግሞ የራሱን አደረገ። በፒቲቪዬ ካምፕ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እስረኞችን የሚጠብቅ የፈረንሳይ ዣንዳርም ቆቡ ይታይ ነበር፤ ፈረንሳዊ እጅ እንደነበረበት ማስታወስ አልተፈለገምና እንዲጠፋ ታዘዘ። ሠሪዎቹ የእንጨት ተሸካሚ የሚመስል ነገር ሥለው ቆቡን ሸፈኑት። በታደሰው ቅጂ ዛሬ ቆቡ ይታያል። አንድ የብሩሽ ጭረት የአንድን መንግሥት ኅሊና ለአርባ ዓመት ያህል አስተኝቶ ነበር ማለት ነው። በ1956 ደግሞ የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ ስለተቃወመ ፊልሙ ከካን ፌስቲቫል ውድድር ወጣ።

መቀጠል ራሱ ክስ ያስነሣል ብሎ የፈራ ሌላ ሰው ነበር። በ1945 የእንግሊዝ ጦር የቤርገን ቤልሰንን ካምፕ ሲከፍት በተነሡት ምስሎች ፊልም ሊሠራ ታቅዶ አልፍሬድ ሂችኮክ ለምክር ተጠራ። ምላጭ በፊልም ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የመከረው ግን አትቁረጡ ነበር። ካሜራው ረጅም ሆኖ፣ ከሬሳው ወደ ቆሙት ሰዎች ሳይቋረጥ ይዙር፤ አለዚያ ነገ የሚክድ ሰው “ሁለት ቦታ አንሥተው ቀጠሉት” ይላል አለ።

ይህ ምክር ወደ አገራችን ያመጣኛል። ከዚህ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ፣ ስለ ኤዲቲንግ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ ነውና። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ የሚያሳይ አጭር ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ፊልሙ ዓለምን አስደነገጠ፤ እዚህ ግን የሚያየው አልነበረም። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንደነበረ ግን አልነበረም። በሚሞቱት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገብቶበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲያዩ ተነገራቸው። በማግስቱ ጠዋት ከዙፋናቸው ወረዱ።

ብዙዎቻችሁ ይህን ከታላላቆቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያዩትም አሁን ድረስ የሚያስታውሱት ረሀቡን ለብቻ፣ ድግሱን ለብቻ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርገው ነው። ውሸት ነበር ወይ? ሕፃናቱ እውነት ናቸው። ውሾቹ እውነት ናቸው። ረሀቡ መደበቁም እውነት ነው፤ እኔ ለዚያ መደበቅ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን ሁለት እውነቶች ሲቀጠሉ በመካከላቸው ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ እሱም “በዚያው ሰዓት” እና “በዚህ ምክንያት” የሚል፣ ማንም ያልተናገረው ቃል ነው። ያልተነገረ ቃል ደግሞ አይመረመርም። ቀኑ መቼ ነው? ድግሱ የየትኛው ዓመት ነው? ምላጩ ለዚህ መልስ አይሰጥም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ፊልሙ አስገደላቸው አልልም፤ እንዲያ ማለት እኔም ራሴ ሁለት ምስል ቀጥዬ “በዚህ ምክንያት” እንደማለት ነው። የምለው ፍርድ ሳይሰማ መፍረድን ዓይናችን በዚያ ምሽት ተለማምዶት ነበር ነው።

ምላጩ ደግሞ ጌታ አይመርጥም። መስከረም 1977 ያው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ በረሀብ ይረግፍ ነበር። በጥቅምት 13 ሞሐመድ አሚን ቆሬም ላይ ያነሣው፣ ማይክል በርክ የተረከው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ሰልፉንና ቆሬምን አፈራርቆ የሚቀጥል ሰው ቢገኝ ኖሮ የ1967ቱን ፊልም ደግሞ በሠራው ነበር፤ ተዋናዮቹ ብቻ ይለወጡ ነበር።

የቆሬሙን ዘገባ እንደገና ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ንጋት ነው፤ ብርሃኑ ያምራል፤ ካሜራው ሜዳውን ቀስ ብሎ ይቃኛል። የዚያ ውበት ሚሊዮኖችን አነቃ፤ ብዙ ሕይወት ተርፎበታል። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ዳሩ ግን የምንሰማው የእንግሊዛዊውን ድምፅ ነው፤ የወሎዬዋ እናት ድምፅ የእሱ ዐረፍተ ነገር ማጀቢያ ነው። ስሟንም አናውቅም። ሬኔ ካይሮልን ፍለጋ የሄደው ይህ እንዳይሆን ነበር።

ይህ ሁሉ የድሮ ሰዎች ክርክር መስሎ እንዳይታይ አንድ የዛሬ ነገር ልጨምር። ካለፉት ዓመታት ጦርነቶች ወዲህ በእጃችን ባለው ስልክ ላይ የማይመጣ ምስል የለም፤ ገዳዮች ራሳቸው እየሳቁ የቀረጹት ሳይቀር ይመጣል። አንድ ወዳጄ ከተፈናቃዮች የተቀበላቸውን እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች አሰባስቦ የ12 ደቂቃ ፊልም እየሠራ ነው። ከመካከላቸው 9 ሰከንድ የሚሆን አለ፤ አንዲት ሴት ስትሮጥ ቆይታ ትወድቃለች። ወዳጄ ስሎው ሞሽን አድርጎ አርዝሞታል፤ ዋሽንትም አስገብቶበታል። አሳየኝ። እጅግ ያሳዝናል። ፍጥነቱን መልስ፣ ዋሽንቱን አውጣ፣ ከመጀመሪያው ደግሞ ይህን ማን ቀረጸው፣ ከማን እጅ መጣ የሚለውን ጻፍበት አልኩት። ሴትየዋ የወደቀችው በአንድ አፍታ ነው፤ የማዘግየት ሥልጣን የሰጠን ማን ነው?

“ያለ ሙዚቃ ማን ያየዋል?” አለኝ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ያልታየ ፊልም ለማንም አይመሰክርም፤ ሰውም በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የቆሬምም ብርሃን ባያምር ኖሮ ዓለም ዞር ብሎ ያይ ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የአይስለርን ሙዚቃ አሰማሁት፤ ይህ ለፈረንጅ ጆሮ ነው፤ እናቴ ዋሽንት ስትሰማ ነው የምታለቅሰው አለኝ። እናቱ ታልቅስ ወይስ ትጠይቅ በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ቅጂ አሳይቶኛል። ዘጠኙ ሰከንድ ወደ ራሱ ፍጥነት ተመልሷል፤ የቀረጸው ማን እንደሆነም በጽሑፍ ተገልጿል። ዋሽንቱ ግን አሁንም አለ።